ርካሽና «ንጹሕ» የተባለ መዋቢያ ምን ያህል ንጹሕ ነው? የኤልፍ ኩባንያ በሚዛን ሲታይ

በአውሮፓውያኑ 2019 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከአንድ የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ጋር የደረሰበትን ስምምነት ይፋ አደረገ። ኩባንያው 996,080 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የክሱ መነሻ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ነበር።

በግምጃ ቤቱ የውጭ ንብረቶች ቁጥጥር ቢሮ መግለጫ መሠረት፣ ኩባንያው ከ2012 እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ ከሁለት የቻይና አቅራቢዎች 156 ጊዜ ያስገባው የሽፋሽፍት ምርት፣ ማዕቀብ ከተጣለባት ሰሜን ኮሪያ የመጣ ጥሬ ዕቃ ይዞ ተገኝቷል። የጭነቱ ጠቅላላ ዋጋ ከ4.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ቢሮው ጥፋቱን «ከባድ» ከሚላቸው ወገን አልመደበውም፤ ኩባንያው ራሱ በፈቃዱ እንዳሳወቀም መዝግቧል። ሆኖም እስከ 2017 ድረስ የኩባንያው የማዕቀብ ቁጥጥር ሥርዓት ጨርሶ ያልነበረ ወይም በቂ ያልሆነ እንደነበር ገልጿል።

ይህ ኩባንያ ኤልፍ ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሣው «ንጹሕ»፣ «በእንስሳት ላይ ያልተሞከረ» እና «ለሁሉም ኪስ የሚስማማ» ከሚሉ መገለጫዎች ጋር ነው። የሽፋሽፍቱ ታሪክ ግን እነዚህ ቃላት የትኛውን የምርት ጉዞ እንደሚሸፍኑና የትኛውን እንደማይሸፍኑ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ኤልፍ እንዴት ያለ ኩባንያ ነው?

ስያሜው ዓይን፣ ከንፈርና ፊት የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ጥምር ነው። በ2004 ሲመሠረት በኢንተርኔት አማካይነት መዋቢያዎችን በ1 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱን በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ያደረገው ኩባንያ በ2016 ወደ ኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ። በ2024 የበጀት ዓመት ሽያጩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ በ2025 ደግሞ የሄይሊ ቢበርን «ሮድ» የተሰኘ የውበት ድርጅት እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ለመጠቅለል ወሰነ።

የዕድገቱ አንዱ ምስጢር ውድ ከሆኑ ታዋቂ ምርቶች ጋር የሚመሳሰሉ መዋቢያዎችን በአነስተኛ ዋጋ ማቅረቡ ነው። ቤኔፊት የተባለው ተወዳዳሪው ማስካራዬን ገልብጧል ሲል በ2023 ከስሶት ነበር። በ2024 መጨረሻ የካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለኤልፍ ፈርዶለታል።

«ንጹሕ» ማለት ምን ማለት ነው?

በአሜሪካ ሕግ «ንጹሕ መዋቢያ» ለሚለው ሐረግ ትርጉም አልተሰጠውም። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ቃል አይመዝንም፤ ፈቃድም አይሰጥበትም። መለኪያውን የሚያወጣው እያንዳንዱ ኩባንያ ወይም ሻጭ ራሱ ነው።

ኤልፍ ከ2,500 በላይ ንጥረ ነገሮችን በምርቶቹ ውስጥ እንደማይጠቀም ይናገራል። ቁጥሩ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያ ውስጥ የከለከላቸው ንጥረ ነገሮች ከ1,600 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል እንደ ስትሪክኒን ያሉ መርዞችና በርካታ መድኃኒቶች ይገኙበታል። የትኛውም አምራች እነዚህን ሊፕስቲክ ውስጥ ለመጨመር አያስብም። ስለዚህ የዝርዝሩ ርዝመት ብቻውን የምርቱን ደኅንነት አያረጋግጥም። ይልቅ የሚጠቅመው ምርቱ በምን ማስረጃ ደኅንነቱ እንደተፈተሸና ጉዳት ሲደርስ ማን እንደሚጠየቅ ማወቅ ነው።

በዚህ ረገድ ከኩባንያዎቹ ማስታወቂያ ይልቅ ሕግ ይበልጥ ለውጥ አምጥቷል። በ2022 መጨረሻ የጸደቀው የአሜሪካ የመዋቢያዎች ቁጥጥር ሕግ፣ ከ1938 ወዲህ በዘርፉ ትልቁ ማሻሻያ ሆኗል። ፋብሪካዎች እንዲመዘገቡ፣ ምርቶች እንዲዘረዘሩ፣ የደኅንነት ማስረጃ እንዲያዝና ከባድ ጉዳት ሲያጋጥም በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ሪፖርት እንዲቀርብ ያስገድዳል።

የእንስሳት ጉዳይ፦ ጠንካራው ገጽ

ኤልፍ በአንጻራዊነት ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ምርቶቹ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ናቸው። በእንስሳት ላይ ሙከራ እንደማያደርግም ፔታ እና ሊፒንግ በኒ የተባሉት ሁለት መስካሪዎች አረጋግጠውለታል። ከሁለቱ የሊፒንግ በኒ መሥፈርት የአቅራቢዎችን ክትትልና የውጭ ቁጥጥርን ስለሚጨምር፣ ኩባንያው ስለ ራሱ ከሚሰጠው ቃል ይበልጥ ይታመናል።

ብዙ ገዢዎች የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቻይና ውስጥ የተመረተ መዋቢያ እንዴት በእንስሳት ላይ ሳይሞከር ይቀራል?» የቻይና ግዴታ ይመለከት የነበረው በዋናነት ከውጭ ገብተው በአገሪቱ መደብሮች የሚሸጡትን እንጂ፣ እዚያ ተመርተው ወደ ውጭ የሚላኩትን አልነበረም። ከ2021 ወዲህም ለመደበኛ መዋቢያዎች ግዴታው በቅድመ ሁኔታ ላልቷል።

ከፋብሪካው በስተጀርባ ያሉት እጆች

በ2025 የኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ ታራንግ አሚን እንደገለጹት፣ ከምርቶቹ 75 በመቶ ያህሉ የሚመረቱት በቻይና ነው። ኤልፍ በውበት ኢንዱስትሪው ውስጥ «ፌር ትሬድ» የተሰኘውን የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት ባገኘ ፋብሪካ ለማምረት ቀዳሚው መሆኑንም ይናገራል። በዚህ አሠራር ገዢው ኩባንያ ለሠራተኞች የጋራ ፈንድ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑትም ሠራተኞቹ ናቸው።

ይህ ከሽፋሽፍቱ ቅሌት ወዲህ የታየ እውነተኛ እርምጃ ነው። ገደቡም ግልጽ መሆን አለበት። ምስክር ወረቀቱ የሚሸፍነው መጨረሻ ላይ ምርቱ የሚገጣጠምበትንና የሚሞላበትን ፋብሪካ ነው። የሰሜን ኮሪያው ጥሬ ዕቃ የተገኘው ግን ከዚያ በፊት ባለው የአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ ነበር።

ለዚህ ሌላው ምሳሌ ማይካ ነው። ለዓይን ቀለምና ለመሳሰሉት መዋቢያዎች አንጸባራቂነት የሚሰጠው ይህ ማዕድን በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች መካከል የህንድ ጃርካንድና ቢሃር ግዛቶች እንዲሁም ማዳጋስካር ይገኙበታል። የሮይተርስ ዜና ወኪል በ2016 ባደረገው ምርመራ፣ በህንድ ሕገ ወጥ የማይካ ጉድጓዶች ውስጥ ሕፃናት እንደሚሠሩና እንደሚሞቱ፣ ሞታቸውም እንደሚሸሸግ አጋልጧል። በቀጣዩ ዓመት ገዢ ኩባንያዎች ችግሩን በጋራ ለመፍታት አንድ ኅብረት መሥርተዋል። ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ የዓይን ቀለም፣ ከሕፃናት ጉልበት ነጻ መሆኑ በዚያው ብቻ አይረጋገጥም።

አካባቢን በተመለከተስ?

ኤልፍ ከ2019 ጀምሮ የካርቶንና የፕላስቲክ ማሸጊያዎቹን የመቀነስ ፕሮግራም አካሂዷል። ይሁንና የመዋቢያ ዕቃዎች ከባሕርያቸው ለመልሶ መጠቀም ያስቸግራሉ። ትንንሽ ናቸው፤ ፕላስቲክ፣ መስታወትና ብረት በአንድ ላይ ተጣብቀው የተሠሩም ናቸው። በመሆኑም በማጣሪያ ማዕከላት ሾልከው ወደ ቆሻሻ ይሄዳሉ።

ከማሸጊያው የሚከብደው የብዛቱ ጉዳይ ነው። ዋጋው ርካሽ ሲሆን ገዢው ሳይጨርስ ሌላ ይደግማል፤ ኩባንያውም በየጊዜው አዲስ ምርት ማውጣት ይጠበቅበታል። አንዱ ዕቃ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ሽያጩ በፍጥነት ሲያድግ አጠቃላዩ ጫና ሊጨምር ይችላል። ርካሽነት የፍትሕ ጥያቄም ስላለው ግን ኩባንያውን በዋጋው ብቻ መውቀስ አይገባም። ሥነ ምግባር የተሞላበት ግዢ የሀብታሞች ብቻ እንዲሆን መተው ትክክለኛ መፍትሔ አይደለም።

«ተፈጥሯዊ» ሁሉ ዘላቂ አይደለም

ሰው ሠራሽ ነገርን ሸሽቶ ወደ ተፈጥሮ መመለስ መውጫ ይመስላል። የአፍሪካ ቀንድ ተሞክሮ ግን ሌላ ያሳያል። ለሽቶና ለቅባት የሚፈለገው ዕጣን ከሚመነጭባቸው ዛፎች አንዱ በኢትዮጵያ በትግራይ፣ በአማራና በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ይበቅላል። በ2019 «ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአብዛኞቹ በተጠኑት ሥፍራዎች ወጣት ዛፎች እንዳልተገኙና የዕጣን ምርት በ20 ዓመታት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ከመጠን ያለፈ መድማት፣ የእሳት ቃጠሎና ልቅ ግጦሽ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

ለአካባቢያችን ገዢ የሚቀድመው ጥያቄ

በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ገበያዎች የ«ንጹሕ» ትርጉም ከማስታወቂያ ያለፈ የጤና ጉዳይ ነው። አንዳንድ የቆዳ ማቅያ ክሬሞች ሜርኩሪ ይይዛሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ብረት ኩላሊትን እንደሚጎዳ ያስጠነቅቃል። ሩዋንዳ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ መሰል ምርቶችን ከሱቆች እየሰበሰበች ስታስወግድ ታይታለች። የሚናማታ ስምምነት አባል አገራትም በ2023 ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን መዋቢያዎች ከ2025 በኋላ ሙሉ በሙሉ ለማስቀረት ተስማምተዋል። በኢትዮጵያ የመዋቢያዎችን ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112 የተቀበለው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው።

ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ሊመለከታቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ተጽፏል ወይ? የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ይታያሉ ወይ? ምስክር ወረቀት አለኝ የሚል ከሆነ፣ የመስካሪው ተቋም ድረ ገጽ ስሙን ይዟል ወይ? በታዋቂ ስም የተመሳሰሉ ሐሰተኛ ምርቶች ከዋናው አምራች የምስክር ወረቀት አንዱንም አይወርሱም።

ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል?

ኤልፍ በእንስሳት ጉዳይ ጠንካራ፣ በፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ እየተሻሻለ ያለ፣ በጥሬ ዕቃ ምንጭና በምርት ብዛት ረገድ ግን ገና ብዙ ጥያቄ የሚቀርብለት ኩባንያ ነው። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ከእነዚህ አራት መመዘኛዎች አንዱንም አይነግረንም። ለአምስት ዓመታት ያህል የሰሜን ኮሪያ ጥሬ ዕቃ የያዘ ሽፋሽፍት ሲሸጥም በማሸጊያው ላይ ይህን የሚጠቁም አንድም ቃል አልነበረም። እውነቱ የወጣው ኩባንያው ራሱ አቅራቢዎቹን ሲመረምር ነው።