«ሞግዚት» ሲባል ልጅዎ ምን ይሰማል? የፍርድ ቤት ቃላትን ለልጆች ስለማስረዳት

በቤተሰብ ክርክር ብዙ የሚወራለት፣ ለእርሱ ግን ብዙም የማይነገረው ወገን ልጁ ነው። ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ አባት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ ሲጠፋ፣ እናት ስትሞት፣ ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በአንጋጫ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘው የሚመላለሱ ቤተሰቦችን በሥራዬ ምክንያት ለዓመታት አይቻለሁ። ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ፍርዱ ሳይሆን ስለ ቃላቱ ነው። ቤታቸው ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ይነገራል፤ ችሎቱ በአማርኛ ነው፤ የሕጉ አማርኛ ደግሞ ከገበያው አማርኛ ይለያል። ልጅ ያልገባውን ቃል በፍርሃት ይሞላዋል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ከነአነጋገራቸው እነሆ እላለሁ።

አካባቢው በደቡብ ክልል ሥር ሳለ ክልሉ በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የተመሠረተው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። እዚህ የምጠቅሰው የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው፤ በመሠረታዊ ቃላቱ ሁለቱ ሕጎች ይቀራረባሉ።

ከሳሽና ተከሳሽ፦ «አባትህ ተከሰሰ» የተባለ ልጅ ወዲያው የሚታየው እስር ቤት ነው። የፍቺና የቀለብ ክርክር ግን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ የወንጀል አይደለም። «እናትና አባትህ ያልተስማሙበት ነገር ስላለ ዳኛው እንዲወስንላቸው ጠየቁ፤ ማንም ሌባ አልተባለም» ብሎ መንገር ይበቃል።

አካለ መጠን ያልደረሰ፦ ቁመቱ አጭር ስለሆነ የተባለ የሚመስለው ልጅ አጋጥሞኛል። በሕጉ 18 ዓመት ያልሞላው ማለት ነው፤ ወንድም ሆነ ሴት። «ትልቅ ሰው እስክትሆን ድረስ በስምህ የሚፈርምልህና የሚጠብቅህ ሰው ይኖራል ማለት ነው» ይበሉት።

አሳዳሪና ሞግዚት፦ ከሁሉም በላይ የሚያምታታው ይህ ነው። በሰፈር አነጋገር ሞግዚት ማለት ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ ናት። በሕጉ ግን አሳዳሪ የሚባለው የልጁን አካል፣ ጤናና አስተዳደግ የሚጠብቀው ሲሆን ሞግዚት የሚባለው ደግሞ ንብረቱን የሚያስተዳድርለትና በሕግ ፊት የሚወክለው ነው። ጋብቻው ጸንቶ ሳለ አባትና እናት ሁለቱንም በጋራ ናቸው፤ አንዱ ሲሞት በመደቡ የቀረው ብቻውን ይሆናል። ለልጁ «አያትህ አሳዳሪህ ናት፤ አብረሃት ትኖራለህ። አጎትህ ሞግዚትህ ነው፤ እናትህ የተወችልህን ቤት ይጠብቅልሃል፤ የእርሱ ግን አይደለም» ማለት ይቻላል። የመጨረሻዋን ሐረግ አይዝለሏት። ንብረቱ የራሱ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ሲያድግ መጠየቅ ይችላል።

የልጁ ደኅንነት፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጉዳዩ የመጣው ከዚያው ከደቡብ ክልል ነበር። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድገው ቆየች፤ ለረጅም ዓመታት የራቀው አባት ሞግዚትነቱ ይገባኛል አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም በሕይወት ያለ ወላጅ ይቀድማል ብለው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረው። ለልጅ ሲነገር፦ «ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ትክክል ነው ሳይሆን ለአንተ የሚሻለው የቱ ነው ብሎ ነው።»

ልጁ ከማን ጋር ይኑር፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ካልኖረ በቀር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ለእናት ይሰጥ ነበር። የተሻሻለው ሕግ ይህን ትቶ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን ያደርጋል። ልጁ ያልተሰጠው ወላጅ የመጠየቅ መብቱ አብሮ ይወሰናል። ስለዚህ «ለእናትህ ተፈረደ» ብሎ መንገር ስህተት ነው፤ ልጅ እንደ በሬ የሚረታ ዕቃ አይደለም።

ቀለብ፦ ልጆች የእህል ስፍር ብቻ ይመስላቸዋል። በሕጉ ምግብን፣ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን ያጠቃልላል። መጠኑ በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ይለካል፤ ሁኔታው ሲለወጥም ይሻሻላል። አባት ባሕር ማዶ መሄዱ ግዴታውን አያስቀርም። ለልጁ «ልመና አይደለም፤ ያንተ ድርሻ ነው» ይባል።

ጉዲፈቻ፦ ከኦሮምኛ የመጣ ቃል ነው፤ ማሳደግ ማለት ነው። በዚህ አካባቢ ግን ቃሉ ቁስል አለው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ልጆች ወደ ውጭ ሄደዋል፤ ከመላ አገሪቱ ወደ አሜሪካ ብቻ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ከ2,500 በላይ ሄደዋል። በርካታ ወላጆች የተረዱት «ተምሮ ይመለሳል፣ ይረዳናል» ብለው ነው። ሕጉ የሚለው ግን ልጁ በሁሉም ረገድ የአሳዳጊው ልጅ እንደሚሆን ነው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ በቀን የሚያየውን ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው ጉዲፈቻ ቀረ። የአገር ውስጡ አለ፤ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ ዳኛውም ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት ግምት ውስጥ ያስገባል። ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድናም አይቋረጥም። ወንድሙ ወይም እህቱ ለሄደችበት ልጅ «ጠፋች» አይበሉት፤ የት እንዳለችና ለምን እንደሄደች የሚታወቀውን ያህል ይንገሩት።

ሽማግሌ፦ የአገር ሽማግሌ ማስታረቅ ይችላል፤ ፍቺን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ልጨምር። በወላጆቹ ፊት «ማንን ትመርጣለህ?» ብለው ልጅን አይጠይቁ፤ ሊናገር ከፈለገ ለዳኛው ለብቻው እንዲናገር መጠየቅ ይቻላል። ዳኛው ያልወሰነውንም ቃል አይግቡለት። ቃሉ ለእርስዎም ካልገባዎት የችሎቱን ጸሐፊ ወይም በወረዳው የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ከዚያም ማታ በቤትዎ ቋንቋ ለልጁ ይንገሩት።