በስውር የሚያለቅስ አምላክ

አይሁድ ማለዳና ማታ በሚያደርሱት ጸሎት ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ቅደም ተከተል አለ። «ሽማዕ» የሚባለው የእምነታቸው ዐቢይ ቃል የአምላክን አንድነት መስክሮ፣ ሰው ፈጣሪውን በሁለንተናው እንዲወድ ያዛል። ከዚህ ትእዛዝ አስቀድሞ ግን አንድ ቡራኬ ይደርሳል፤ እርሱም እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደሚወድ የሚናገር ነው። ሰውየው «ውደድ» ከመባሉ በፊት «ተወደሃል» ይባላል ማለት ነው።

ይህ ቡራኬ በደጉ ዘመን ብቻ የተባለ አይደለም። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ካቃጠሉ በኋላ የሽማዕ ጸሎት አልተቋረጠም። ታልሙድ እንደሚተርከው፣ ረቢ አኪቫ በሮማውያን እጅ ሥጋቸው በብረት ማበጠሪያ እየተቦጨቀ ሳለ ነፍሳቸው የወጣችው ይህንኑ የአንድነትና የፍቅር ቃል እያሰሙ ነው። በ1096 የመስቀል ጦረኞች በራይን ወንዝ ዳርቻ ያሉትን የአይሁድ ማኅበሮች ሲፈጁ፣ በ1492 የስፔን ነገሥታት አይሁድን ከአገራቸው ሲያባርሩ፣ ከእልቂቱ የተረፉት በማግሥቱ ማለዳ ተነሥተው «ይወደናል» ብለዋል። እንግዲህ ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ይህን የሚል ሰው ምን ማለቱ ነው? የዐይኑን ምስክርነት ክዶ ነውን? ወይስ ፍቅር የሚለው ቃል እኛ ከምናውቀው የተለየ ፍች ኖሮት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወትና የእጅ ጽሑፍ የተሻለ ይመልሳል ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ረቢ ካሎኒሙስ ካልማን ሻፒራ ይባላሉ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ረቢ ሻፒራ በ1889 በፖላንድ፣ ግሮድዚስክ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ሐሲዳዊ ነበር። ሐሲዳውያን በ18ኛው ምዕተ ዓመት በምሥራቅ አውሮፓ የተነሡ፣ እግዚአብሔርን በደስታ፣ በዜማና በልብ ቅርበት ማገልገልን ያስተማሩ ወገኖች ናቸው። አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ኋላ ከዋርሶ በስተደቡብ በምትገኘው በፒያሴችኖ የመንፈስ መሪ ሆኑ፤ በ1923ም በዋርሶ ከተማ ትልቅ የሃይማኖት ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በዘመናቸው የታወቁት ከሁሉ በላይ በመምህርነታቸው ነበር። በ1932 ያሳተሙት «የተማሪዎች ግዴታ» የተሰኘው መጽሐፍ ለመምህር ብቻ ሳይሆን በቀጥታ ለልጁ የሚናገር ነው። ልጅን በዱላ ማስገደድ ሳይሆን በውስጡ ተሸሽጋ ያለችውን ነፍሱን መቀስቀስ ይገባል የሚል ነው፤ ትምህርታቸው ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል።

በሴፕቴምበር 1939 የጀርመን ጦር ዋርሶን ከበበ። በ25ኛው ቀን በከተማዪቱ ላይ በወረደው ከባድ የቦምብ ድብደባ አንድያ ወንድ ልጃቸው ኤሊሜሌክ ክፉኛ ቆሰለ። በማግሥቱ የልጃቸው ሚስትና ሌላ የቤተሰቡ ሴት ቁስለኛው ከተኛበት ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ሳሉ በቦምብ ተገደሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዳስ በዓል፣ ልጁም ዐረፈ። እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። ባለቤታቸው ከጦርነቱ አስቀድሞ፣ በ1937፣ ሞተዋልና ረቢው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ባዶ ቤት ቀረላቸው።

በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ያ ሐዘን ሳይደርቅ፣ በሰንበት ለተሰበሰቡት ሰዎች ስብከት ሰጡ። የሳምንቱ ንባብ የሣራ ሞት ነበር። የኛ ሊቃውንት በአንድምታ አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያሉ እንደሚያፈክሩት ሁሉ፣ የአይሁድ መምህራንም በኦሪት ውስጥ አንዱ ታሪክ ከሌላው አጠገብ ለምን ተቀመጠ ብለው ይመረምራሉ። የሣራ ሞት የተጻፈው አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ከወጣበት ታሪክ ቀጥሎ ነው። ጥንታውያኑ ሣራ ወሬውን ስትሰማ ነፍሷ ከሥጋዋ ተለየች ብለው ያፈክሩታል። ረቢ ሻፒራ ከዚህ አልፈው ሄዱ። ሙሴ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጠው ስለ እኛ ሊሟገት ነው አሉ፤ መከራ ከልክ ሲያልፍ ሣራን የመሰለች ጻድቅ እንኳ ካልቻለችው፣ እኛ ደካሞቹ እንዴት እንችለዋለን ብሎ ለእግዚአብሔር ለማመልከት። ሣራም ራስዋ ሐዘኑን እስከ ሞት ድረስ ወደ ልብዋ ያስገባችው ስለ ልጆችዋ ብላ፣ ከመጠን ያለፈ መከራ ሰውን እንደሚሰብር ለሰማይ ለማሳየት ነው አሉ።

በዚህ ስብከት ስለ ራሳቸው ሐዘን በግልጽ አልተናገሩም። ሰሚው ግን የማን አባት እንደሚናገር ያውቅ ነበር። ንግግሩ ድፍረት አለው፤ የክህደት ድፍረት ግን አይደለም። አብርሃም ስለ ሰዶም፣ ሙሴም በበረሃ ስለ ሕዝቡ ተከራክረዋል፤ ኢዮብም በዐመድ ላይ ተቀምጦ ተሟግቷል። ደግሞስ እንደማይወደው ከሚያውቀው ጋር ማን ይሟገታል? ልጅ ወደ አባቱ የሚጮኸው የአባትየው ልብ እንደሚሰማ ስለሚያምን ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት የረቢው እምነት ይህን መልክ ነበረው፤ ይወደናልና እንሟገተዋለን።

ሙግቱ መልስ አላገኘም። በኖቬምበር 1940 ጌቶው በግንብ ታጠረ። ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ስፍራ ከ400,000 በላይ ሰው ታጨቀ። እስከ 1942 አጋማሽ ድረስ በረኃብና በተስቦ ብቻ 83,000 ያህል ሰው አለቀ። ረቢው ግን በዚያው መኖሪያቸው ሰው እየሰበሰቡ ማስተማራቸውን አልተዉም። ስብከቱ የሚሰጠው በዪዲሽ ነበር፤ በሰንበት መጻፍ ክልክል ነውና ሰንበት ካለፈ በኋላ ከትዝታቸው በዕብራይስጥ ይጽፉታል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የጀርመኖችን ስም፣ የሂትለርን ስም የሚፈልግ አንባቢ አያገኝም። ያለው ፈርዖን፣ ዐማሌቅ፣ ያዕቆብ፣ ሣራ ነው። የዘመኑ ደም ሁሉ በኦሪት ቃላት መካከል ይፈስሳል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሓ የሚናገሩ ቃላት ይገኛሉ፤ መከራው እየከፋ ሲሄድ እነዚያ ቃላት እየሳሱ ይሄዳሉ። በጎዳና ላይ በረኃብ ለሚሞት ሕፃን «ስለ ኃጢአትህ ነው» ማለት የማይቻል መሆኑን ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ያስተማሩት ሰው ያውቁ ነበር። በ1942 መጀመሪያ ወራት ግን ስብከቶቹ ወደ ሌላ ጥልቀት ወረዱ።

ታልሙድ ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር ተጽፏል። እግዚአብሔር «ሚስታሪም»፣ ማለትም ስውራት፣ የሚባል ቦታ አለው፤ በዚያም ያለቅሳል። ምንጩ ነቢዩ ኤርምያስ ነፍሱ በስውር እንደምታለቅስ የተናገረው ቃል ነው። ሊቃውንቱም በእርሱ ዘንድ ኃይልና ደስታ እንጂ ልቅሶ ይኖራልን ብለው ጠይቀው፣ በውጭው ክፍልና በውስጠኛው ክፍል መካከል ልዩነት አድርገዋል። በሌላ ጥንታዊ ትርጓሜ ደግሞ መቅደሱ በፈረሰ ጊዜ አንድ መልአክ «እኔ ላልቅስ፣ አንተ አታልቅስ» ብሎ ለመነ፤ እግዚአብሔርም ካልተውከኝ አንተ ልትገባ ወደማትችልበት ስፍራ ገብቼ አለቅሳለሁ ብሎ መለሰለት ይባላል።

ረቢ ሻፒራ እነዚህን ቃላት አንሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ የሚያለቅስ ከሆነ ልቅሶው ለምን ተሰወረ? የሰጡት መልስ እጅግ ያስደነግጣል። እግዚአብሔር ወሰን የለውምና ሐዘኑም ወሰን የለውም። ከዚያ ሐዘን አንዲት እንባ ወደ ዓለም ብትፈስ ዓለም መቆም አትችልም። ስለዚህ አምላክ ዝም ያለ የሚመስለው ግድ ስለሌለው አይደለም፤ ሐዘኑ ከዓለም አቅም በላይ ስለሆነ ነው። ሰው በገዛ ሐዘኑ ብቻውን ሲያለቅስ ይሰበራል፤ መንፈሱ ወድቆ መጸለይም መማርም ያቅተዋል። ወደዚያ ውስጠኛ ክፍል ዘልቆ፣ በኦሪት ጥናት በኩል፣ ከእግዚአብሔር ጋር አብሮ ሲያለቅስ ግን ልቅሶው ራሱ ብርታት ይሰጠዋል።

የፍቅር ትርጉም እዚህ ላይ ተለወጠ። በመጀመሪያው ዓመት የሚወድ አምላክ ማለት ተለምኖ መከራን የሚያስቆም አምላክ ነበር። አሁን ግን የሚወድ አምላክ ማለት ከሕዝቡ ይልቅ የሚያዝን ነው። ተጠያቂውና አጽናኙ አንድ ሆነው ሳለ፣ ረቢው ለተራበ ጉባኤያቸው «ለምን» ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጡም፤ ብቻችሁን አይደላችሁም ብቻ አሉ።

ይህን ቃል የሚያነብ ሰው አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል፤ ማንሣትም ይገባዋል። የሚያለቅስ አምላክ አንድም ሕፃን ከባቡሩ አላወረደም። ከጁላይ 22 ቀን 1942 ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ 265,000 ያህል የዋርሶ አይሁድ ወደ ትሬብሊንካ ተግዘው ተገደሉ። የረቢው ሴት ልጅም በዚያው ክረምት ተወሰደች። ከዚያ በኋላ ስብከት አልጻፉም።

ተቃውሞውን ከማንም አስቀድመው ያዩት ግን ራሳቸው ይመስላሉ። በዲሴምበር 1941 በሰጡት አንድ ስብከት፣ እምነታቸው ለደከመ ሰዎች «አባቶቻችንም መቅደሱ በፈረሰ ጊዜ እንዲህ ያለ መከራ አይተዋል፤ የዛሬው ምን አዲስ ነገር አለው?» የሚል መንፈስ ያለው ማጽናኛ ሰጥተው ነበር። በኖቬምበር 1942 መጨረሻ፣ ከታላቁ ግዞት በኋላ፣ ያንን ገጽ መልሰው ገልጠው ማስታወሻ ጨመሩበት። እስከ 1942 አጋማሽ ድረስ የነበረው መከራ ከዚህ ቀደምም ደርሶ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን የመሰለ ግን በጥንታውያን ቃልም ሆነ በእስራኤል ዜና መዋዕል የለም ሲሉ ጻፉ። የቀድሞውን ቃል ቀደው አልጣሉትም። ከጎኑ እርማቱን አስቀመጡ። ማስታወሻው የሚያበቃው ግን እግዚአብሔር እንዲራራና እንዲያድናቸው በመለመን ነው።

ስለዚህች ማስታወሻ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። በ1994 ስለ ረቢው መጽሐፍ ያሳተሙት ነሔምያ ፖለን እምነታቸው እስከ መጨረሻው እንደጸና ያስረዳሉ። ሻውል ማጊድ በበኩላቸው በዚያች ማስታወሻ ውስጥ የተሰበረ እምነት፣ የተቀደደ ኪዳን ያያሉ። እኔ ሁለቱም እውነት ይዘዋል እላለሁ። የታሪክ ማጽናኛ ተሰብሯል፤ «አልፎ ያውቃል፣ ያልፋል» የሚለው ቃል ከእንግዲህ አይሠራም። ልመናው ግን አልተሰበረም። ምክንያት የሌለው ልመና ደግሞ ከፍቅር በቀር ምን ሊባል ይችላል?

በጃንዋሪ 1943 መጀመሪያ ረቢው ጽሑፎቻቸውን ከአንድ ደብዳቤ ጋር አስረከቡ። የታሪክ ምሁሩ አማኑኤል ሪንገልብሉም የመሠረተው «ኦይነግ ሻበስ» የተባለው ኅቡእ ቡድን የጌቶውን ሕይወት የሚመሰክሩ ሰነዶችን ይሰበስብ ነበርና የረቢው ጽሑፍም ከዚያ ክምችት ጋር በወተት ጣሳ ተከትቶ ተቀበረ። ደብዳቤው ያገኘው ሰው ጽሑፎቹን በፍልስጥኤም ምድር ለሚኖሩት ወንድማቸው ለኢሳይያስ ሻፒራ እንዲልክና እንዲታተሙ የሚማጸን ነው። በዚያው ዓመት፣ ከጌቶው ዐመፅ በኋላ፣ ረቢው ወደ ትራውኒኪ የሥራ ካምፕ ተጋዙ። በኖቬምበር 3 ቀን 1943 ናዚዎች በአካባቢው ካምፖች በሁለት ቀን ብቻ 42,000 ያህል አይሁድ ሲረሽኑ አብረው እንደተገደሉ ይታመናል።

ጣሳዎቹ በዲሴምበር 1950 በኖቮሊፕኪ ጎዳና ፍርስራሽ ሥር ተገኙ። የደብዳቤው ተቀባይ ወንድማቸው ግን በ1945 ሞተዋል። ጽሑፉ በ1960 በእስራኤል አገር «ኤሽ ቆዴሽ»፣ «ቅዱስ እሳት»፣ በሚል ርእስ ታተመ። ይህን ስም የሰጡት አሳታሚዎቹ ናቸው፤ ረቢው ራሳቸው የጠሩት በመዓት ዓመታት የተነገረ ትምህርት ብለው ብቻ ነበር። በ2017 ዳንኤል ራይዘር ያሳተመው የጥናት እትም የእጅ ጽሑፉን ሥርዝ ድልዝ በየንብርብሩ አሳየ፤ ረቢው በረኃብ መካከል ዐረፍተ ነገሮቻቸውን እየተመለሱ ያርሙ ነበር።

ሥነ ጽሑፍን ለሚወድ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ይህ ይመስለኛል። ሞት በደጅ ቆሞ፣ ሰሚ ጉባኤ አልቆ ሳለ፣ አንድ ሰው የተሳሳተ የመሰለውን ማጽናኛ ያርማል። ለሕዝቡ የማይገባ መጽናኛ በስሙ እንዲቀር አልፈቀደምና። ስለ አምላክ ፍቅር ውሸት መናገር ፍቅሩን እንደ መካድ ቆጥሮታልና።

የአይሁድ ቡራኬ ዛሬም ማለዳና ማታ ይደርሳል፤ ከትእዛዙ አስቀድሞ «ተወደሃል» ይላል። ዋርሶን የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ድል ያለበትን ድምፅ አይሰማም። ከውስጠኛው ክፍል፣ በሩ ከተዘጋበት፣ አንድ ሰው ሲያለቅስ ይሰማል፤ እዚያ ገብቶ አብሮ ለማልቀስ የደፈረ ሰው እንደነበረም ያስታውሳል።