ድብርት የሚመስለው የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ

በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው አነስተኛ ዕጢ ይገኛል። ታይሮይድ ይባላል። ኅብረተሰቡ ይህን ዕጢ የሚያውቀው በአብዛኛው ሲያብጥ ነው፤ እብጠቱም እንቅርት ይባላል። ዕጢው የሚያመነጨው ሆርሞን የሰውነት ሕዋሳት ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ የልብ ምት፣ የአንጀት እንቅስቃሴና የሰውነት ሙቀት ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ሥራም ይቀዘቅዛል።

ሕመሙ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ታማሚውም ቤተሰቡም ቶሎ አያስተውሉትም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እንጀራ ትጋግር የነበረች እናት ከመኝታዋ መነሣት ይከብዳታል፤ ገበያ ወርዳም ልትገዛ ያሰበችውን ትረሳለች። ጥማዱን ይዞ ሲያርስ ይውል የነበረ ገበሬ ሁለት ትልም ሳይጨርስ ይዝላል፤ ከሰው ጋር መጨዋወትም ያስጠላዋል። ንግግር ይጓተታል፤ ሐሳብ መሰብሰብ ያስቸግራል፤ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ያጣል። ጎረቤት “ሰነፈ” ይላል፤ ሌላው “ዓይን በላት” ይላል። ጤና ተቋም ሲደረስም ምልክቱ ከድብርት ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ዕጢው ሳይመረመር ሊታለፍ ይችላል።

ሆኖም ከአእምሮው ምልክት ጎን ለጎን ሰውነትም ይናገራል። ሌላው ሰው ሳይበርደው መብረድ፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መሳሳት፣ የሆድ ድርቀት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የፊት ማበጥ፣ ሳይበሉ መወፈርና የወር አበባ መብዛት ከድብርት ጋር አብረው ሲታዩ ታይሮይድን መጠርጠር ይገባል። እንቅርት ያለበት ሁሉ ሆርሞን ያነሰው አይደለም፤ አንገቱ ምንም ያላበጠ ሰውም ሊያንሰው ይችላል።

ሕመሙ ሳይታከም ሲቆይና ሲጸና፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ከድብርት አልፎ ይሄዳል። ታማሚው ያለ ምክንያት ቤተሰቡን ይጠራጠራል፤ የሌለ ድምፅ ይሰማል፤ የሌለ ነገር ያያል። ይህ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በለንደን የተሰየመ የሐኪሞች ኮሚቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ባቀረበው ዘገባ ከመረመራቸው ታማሚዎች በብዙዎቹ ላይ ይህን መሰሉ የአእምሮ መታወክ መታየቱን መዝግቧል። በ1949 ደግሞ ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአእምሮ ሕመምተኛ ተደርገው የነበሩ 14 ሰዎችን ታሪክ አሳተመ። የታይሮይድ ሆርሞን ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ድነዋል።

የሕክምናው አጀማመር አርቢዎችን የሚመለከት ነው። በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ ሐኪም ከበግ የታይሮይድ ዕጢ የቀመመውን ፈሳሽ ለአንዲት ታማሚ በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ሕክምናውን እየተከታተለች 28 ዓመት ኖራለች። ዛሬ በጎች አይታረዱለትም፤ ሌቮታይሮክሲን የተባለው እንክብል በፋብሪካ ይመረታል።

መንስኤው አንድ አይደለም። የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ ማጥቃቱ፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና መወገዱ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም የተባለ መድኃኒት ይጠቀሳሉ። በወለደች በአንድ ዓመት ውስጥ ዕጢዋ የሚቆጣ ሴትም አለች፤ በየቤቱ ግን “ብርድ ገባት” ተብሎ ይታለፋል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አዮዲን ማነሱ የቆየ ችግር ነው። ለዘመናት በጎርፍ ከታጠበ ተዳፋት መሬት አፈር ጋር አዮዲኑም ይሄዳል፤ በዚያ መሬት የበቀለው እህልና ሣርም አዮዲን ያንሰዋል። የእናት በጎች ሲያጡት ግልገሎቹ አንገታቸው አብጦ፣ ፀጉራቸው ሳስቶና ደክመው ይወለዳሉ። በሰው ላይ ጉዳቱ ይበልጥ የከፋ ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጽኑ ካጣች የፅንሱ አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ልጁ ካደገ በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ያህል ያስፈልጋቸዋል፤ በዓይን የማይታይ መጠን ነው።

ለዚህም ነው በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የተደረገው። ከአፋር ተፈልፍሎ የሚመጣው አሞሌ ግን አዮዲን አልተጨመረበትም፤ ለከብት እንጂ ለወጥ ባይውል ይመረጣል። አዮዲን ያለው ጨውም ቢሆን በፀሐይ፣ በእርጥበትና ክፍት ሲቀመጥ አዮዲኑ ይባክናል። ክዳን ባለው ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይበጃል። ጨው የሚከላከለው በአዮዲን እጥረት የሚመጣውን ነው፤ ዕጢው በሌላ ምክንያት የተጎዳበትን ሰው አያድንም።

ምርመራው ከደም ናሙና የሚወሰድ ነው፤ በሁሉም ጤና ጣቢያ ላይገኝ ስለሚችል ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልግ ይሆናል። መድኃኒቱ በማለዳ በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል። ከምግብም ሆነ ከቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መቅደም አለበት፤ ቡና ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሳል። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው የብረት እንክብል ከአራት ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። መጠኑ የሚስተካከለው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደም ዳግም ታይቶ ነው። ስሜት በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ሊጀምር ይችላል፤ የማስታወስ ችሎታ ግን ሊዘገይ ስለሚችል “አልሠራልኝም” ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ጸበል የሚጠመቁም ሐኪም ያዘዘላቸውን እንክብል ሳያቋርጡ ሊጠመቁ ይችላሉ።

ታማሚው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሲጠሩት መንቃት ካቃተውና ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሕይወትን የሚያሳጣ ደረጃ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።