አርቲስት ጌታቸው መኩሪያ፦ ሽለላን በሳክስፎን ያሰሙ ፋና ወጊ

አርቲስት ጌታቸው መኩሪያ በዘመናዊ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ጉልህ ሥፍራ ካላቸው የሳክስፎን ተጫዋቾች አንዱ ናቸው። በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። ሙዚቃን በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ተሸጋገሩ።

የሙያ ሕይወት

እ.ኤ.አ. በ1949 ገና በታዳጊነታቸው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን ተቀላቀሉ። በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ባንድ ውስጥ ገቡ። ከ1965 ጀምሮም በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል።

አበርክቶ

ሽለላ ጀግኖች ከመዝመታቸው በፊት ወኔያቸውን የሚቀሰቅሱበት፣ በቃልና በድምፅ የሚቀርብ የቆየ ጥበብ ነው። አርቲስት ጌታቸው ይህን ጥበብ ቃል በሌለው ሳክስፎን አሰምተዋል፤ የሸላዩን የድምፅ መንቀጥቀጥ፣ ረጅም ትንፋሽና ድንገተኛ ጩኸት በመሣሪያቸው አውጥተዋል። በመድረክም የአርበኛ ልብስና የአንበሳ ጎፈር ይለብሱ ነበር። የውጭ ሐያስያን አጨዋወታቸውን ከአሜሪካው ፍሪ ጃዝ ጋር ያነጻጽሩታል፤ ምንጩ ግን የአገራችን የጀግንነት ዜማ ነው።

ተጽዕኖ

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የታተመው የሳክስፎን አልበማቸው ከዓመታት በኋላ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ቁጥር 14 ሆኖ ዳግም በመውጣቱ ሥራቸው በዓለም ተደመጠ። ከኔዘርላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋርም «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም በ2006 አሳትመዋል።

አርቲስት ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥራቸው ከድንበር ተሻግሮ በአዲስ ትውልድ ጆሮ የደረሰው የቆዩ ቅጂዎች ተጠብቀው በመገኘታቸው ነው፤ በየቤቱ የሚገኙ ሸክላዎችና ካሴቶችም የጋራ ቅርሳችን በመሆናቸው በጥንቃቄ ሊያዙ ይገባል።