ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ ጋይንት የቦታ ስሞች



በአዲስ አበባ መንገድ የሚሄድ ሰው «ራጉኤል አውርደኝ፣ ልደታ ጠብቀኝ፣ ቤቱ ከተክለ ሃይማኖት በታች ነው» ሲባባል ይውላል። እንዲህ የሚለው ሰው ስለ ሰፈሩ እንጂ ስለ ቅዱሱ አያስብም፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከታቦቱ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ ቅዱስ ያሬድን የሚያህል የዜማ አባት፣ ከአክሱም ተነሥቶ እስከ ጣናና እስከ ጋይንት ተዘዋወረ በሚባልበት አገር፣ ስንት አምባና ስንት መንደር በስሙ ይጠራ ይሆን ብሎ አንድ አንባቢ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም።

መልሱ ግን እንደ ተጠበቀው አይደለም። በስሙ የታነጹ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በአዲስ አበባም የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ በእርሱ ስም ይጠራል። የታሪኩ ዋና ዋና ስፍራዎች ግን «ያሬድ» አይባሉም፤ የሚጠሩት በዚያ በሆነው ነገር ነው። በአክሱም አቅራቢያ ያለው ማይ ኪራሕ፣ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር አርፎ፣ አንዲት ትል እየወደቀች እየተነሣች በመጨረሻ ዛፉ ላይ ስትወጣ አይቶ የተጽናናበት ነው ይባላል። ሙራደ ቃልም፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ቃል የወረደበት ማለት ነው። የአክሱም ሰው ስፍራውን በጠራ ጊዜ ታሪኩን አብሮ ይጠራል።

አሁን ወደ ጋይንት እንምጣ። የሊቃውንቱ ትውፊት እንደሚለው፣ በ6ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ካሌብ ልጅ ዐፄ ገብረ መስቀል ከአቡነ አረጋዊና ከቅዱስ ያሬድ ጋር በጣና ቂርቆስ ከቆዩ በኋላ ወደ ዙር አምባ ተሻገሩ። ገድለ ያሬድ የተጻፈው ከቅዱሱ ዘመን ብዙ ቆይቶ ስለ ሆነ፣ ይህን ጉዞ በወርና በዓመት ለይቶ መቍጠር የሚቻል አይመስለኝም። ነገር ግን ለዙር አምባ የሚመሰክርለት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት የዜማ ድርሰቶች ከጥንት ጀምሮ የሚመሰከሩት በዚህ አምባ ላይ ነው። ዝማሬ ከቍርባን በኋላ የሚዜም ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴት፣ ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል። መዋሥዕት ደግሞ ለሙታን የሚደርስ ነው፤ በቀብርና በተዝካር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀውም፣ ዜማውን ሰምቶታል።

የአምባው ስም አጻጻፍ ግን አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱ «ዙር አምባ» ይላል፤ ሌላው «ዙራምባ» ብሎ ይገጥመዋል፤ ሌላው ደግሞ «ዙር አባ» ብሎ ይጽፋል። ይህ የፊደል ስሕተት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። «አባ» የሚሉት፣ አቡነ አረጋዊ መውጫ አጥተው ሳሉ «ዙር አባ» ተብለው በሌላ በኩል ዞረው ወጡ የሚለውን የአገሩን ወግ ይዘው ነው። «አምባ» የሚሉት ደግሞ ተራራውን ተመልክተው ነው። በአንዲት «ም» መጨመርና መጕደል አንድ ታሪክ ይገባል፤ አንድ ታሪክም ይወጣል።

በዚህ ነገር የሌላ አገር ታሪክ ብናይ ይጠቅመናል። ቅዱስ ያሬድ ነበረ በሚባልበት በዚያው 6ኛ መቶ ዓመት፣ በአየርላንድ ደሴት ገዳም የሚመሠርቱ ብዙ መነኮሳት ተነሥተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ በአገሩ ቋንቋ ካይነክ፣ በእንግሊዝኛ ካኒስ የሚባለው ቅዱስ ነው። ኪልኬኒ የምትባለው ከተማ ስሟ «የካይነክ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው፤ «ኪል» መጀመሪያ የመነኵሴ በዓት፣ ኋላም ቤተ ክርስቲያን ማለት ሆኖ በአየርላንድ ስፍር ቍጥር በሌላቸው የቦታ ስሞች መነሻ ላይ ይገኛል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1824 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ደሴቲቱን በሙሉ አስለክቶ ካርታ ማስነሣት ጀመረ። መሐንዲሶቹ አብዛኞቹ የአገሩን ቋንቋ ስለማያውቁ ስሙን ጆሮአቸው እንደ ሰማው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉት ነበር። በ1830 ጆን ኦዶኖቫን የሚባል ሊቅ በዚሁ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ይህ ሰው ከአውራጃ ወደ አውራጃ እየዞረ ሽማግሌዎችን ጠየቀ፣ የጥንት መጻሕፍትን አመሳከረ፣ ያገኘውንም በደብዳቤ ወደ ቢሮው ላከ። በካርታው ላይ የታተመው የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ቢሆንም፣ የጥንቱ ስምና ትርጕሙ በመዝገብ ሊተርፍ ቻለ። ዛሬ ብዙው የአየርላንድ ሕዝብ የሚናገረው እንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ የኦዶኖቫን ደብዳቤዎች ለቦታ ስም መርማሪ ትልቅ ሀብት ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህን ያደረገው ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነው!

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምትይዙ፣ ደብዳቤ የምታረቁ፣ ካርታ የምታስነሡ ናችሁ። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ ባለጉዳይ የትውልድ ቀበሌውን ሲነግራችሁ፣ ስሙን ከአፉ ወስዶ በወረቀት ላይ የሚያጸናው የእናንተ ብዕር ነው። «ዙር አባ ነው ወይስ ዙር አምባ? ለምንስ እንዲህ ተባለ?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ከአየርላንዱ የሚለየንን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝም ይህ ነው። በዚያ አገር የቅዱሱ ስም ወደ ቦታው ገባ። በእኛ ዘንድ ግን የቦታው ስም ወደ ቅዱሱ ሥራ ገባ። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም ስሟን ከይሁዳዋ ቤተልሔም የወሰደች ናት፤ በክብ ጣራ ሥር ተሸፍኖ የኖረ፣ በድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንም አላት። በሊቃውንት አፍ ግን «ቤተልሔም» ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የድጓ ዜማ ስልት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1540 እስከ 1559፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓ ምልክት ሠሩለት ይባላል። ከዚያ ወዲህም ድጓን የተማረ ሰው በቤተልሔም ሳያስመሰክር ሙሉ መምህር ነኝ ለማለት ይቸገራል።

የእስቴዋ ቆማም እንዲሁ ናት። አገሬው በታቦቱ «ቆማ ፋሲለደስ» ብሎ ይጠራታል፤ ይህም የአዲስ አበባውን ልማድ ይመስላል። ወደ ዜማው ሲመጣ ግን ፋሲለደስ ይቀርና «የቆማ ዜማ» ብቻ ይባላል። አጫብርና የሸዋው ተጉለትም በዚህ ዐይነት የስልት ስሞች ሆነዋል። ስለዚህ ከጋይንት ብዙ ርቆ በሚገኝ ደብር አንድ መሪጌታ «የቤተልሔም ነኝ» ቢላችሁ፣ የትውልድ አገሩን መንገሩ ላይሆን ይችላል። በማን ዜማ እንደሚቆም መናገሩ ነው፤ ቅዱስ ያሬድ በሚታሰብበት በግንቦት 11 ቀንም ማኅሌቱን የሚቆመው በዚያው ስልት ነው።