ባቅትና የኖባ መንግሥት፤ የአንድ ሰላም ዋጋ

ስለ ቀድሞ መንግሥታት የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የነገሥታትን ስምና የጦርነትን ዓመት በመቍጠር ይፈጸማል። የአንድ መንግሥት ጠባይ ግን በይበልጥ የሚገለጸው፥ ንጉሡ ለጎረቤቱ የገባውን ቃል ለመፈጸም ሲል ከገዛ አገሩ ሰዎች የጠየቀው ነገር ሲመረመር ነው። ከግብጽ በስተ ደቡብ በዓባይ ወንዝ ዳር የነበረው የክርስቲያን ኖባ መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ እጅግ የተመቸ ነው፤ ከዓረቦች ጋር ያደረገው ባቅት የሚባለው ስምምነት፥ አንድ ጊዜ እየተጓደለ አንድ ጊዜም እየታደሰ፥ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቈይቷልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

የመርዌ መንግሥት በ4ኛው መቶ ዓመት ከፈረሰ በኋላ፥ በ6ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር ሦስት መንግሥታት ይገኙ ነበር። በሰሜን፥ ዋና ከተማዋ ፋራስ የሆነች ኖባድያ፤ በመካከል፥ መናገሻዋ ዶንጎላ የሆነች መቍርያ፤ በደቡብም፥ ነጭ ዓባይና ጥቍር ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ አጠገብ በሶባ ከተማ የምትገዛ አሎድያ ናቸው። ክርስትና ወደ እነዚህ አገሮች የገባው ከቍስጥንጥንያ በተላኩ መምህራን አማካይነት ነው። የኤፌሶኑ ዮሐንስ እንደ ጻፈው፥ ንግሥት ቴዎዶራ ዩልያኖስ የተባለውን ካህን ወደ ኖባድያ ላከች፤ ይህም በ543 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከእርሱም በኋላ ሎንጊኖስ የሚባለው ጳጳስ በ580 ዓ.ም. እስከ አሎድያ ደረሰ። ሎንጊኖስ በዚያ ሲደርስ በሃይማኖት ትምህርት ከእርሱ የሚለዩ የአክሱም ሰዎችን እንዳገኘ ተጽፏል። ይህም በአክሱምና በዓባይ ሸለቆ መካከል የሰው ምልልስ እንደ ነበረ የሚያስረዳ ነው።

በ642 ዓ.ም. ግብጽ በዓረቦች እጅ በገባች ጊዜ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ተሻገረ። የኖባ ቀስተኞች ዓይን ለይተው የሚወጉ በመሆናቸው ዓረቦች ራሳቸው ዓይን ወጊዎች የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል። በ652 ዓ.ም. አብደላህ ኢብን ሰዓድ የተባለው የግብጽ ገዥ ዶንጎላን ከቦ በመንጀኒቅ ድንጋይ መታት፤ ቤተ ክርስቲያኗም ተጐዳች። ይሁን እንጂ ከተማዪቱን ይዞ ሊቀመጥ አልቻለም። ስለዚህ ከንጉሡ ከቀሊዱሩት ጋር ሰላም አድርጎ ተመለሰ። ባቅት የተባለው ስምምነት ከዚህ ይጀምራል። ቃሉም የዓረብኛ ሳይሆን፥ በግሪክኛ ፓክቶን፥ በላቲንም ፓክቱም ከሚለው፥ ትርጓሜውም ውል ከሆነው ቃል የመጣ ነው።

የዚህ ስምምነት ይዘት በሁለት መልክ ተጽፎ እናገኘዋለን። በ9ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ኢብን አብደል ሐከም፥ በግብጽና በኖባ መካከል ያለው ነገር እርስ በርስ ላለመዋጋት የተደረገ መተማመን መሆኑን፥ ኖቦች ባሮችን ሲሰጡ ከግብጽ ደግሞ ስንዴና ምስር ይሰጣቸው እንደ ነበረ የሚናገሩ ሰዎችን ቃል ይጠቅሳል። በ15ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አል መቅሪዚ ግን አንቀጽ በአንቀጽ የተደረደረ ውል ያቀርባል። በዚህ ውል መሠረት ኖቦች በየዓመቱ 360 ባሮች ይሰጣሉ፤ የሚሰጡትም ሰዎች ጕድለት የሌለባቸው፥ ያላረጁና ዕድሜያቸውም ለአካለ መጠን የደረሰ ይሆናሉ። ከሁለቱም አገር የሚመጣ መንገደኛ ያልፋል እንጂ አይሰፍርም፤ ወደ ኖባ የኰበለለ ባርያ ይመለሳል፤ በዶንጎላ ያለውም መስጊድ ይጠበቃል፥ ይጠረጋል፥ መብራትም ይበራለታል።

ከእነዚህ ከሁለቱ ጽሑፎች የትኛው ለመጀመሪያው ስምምነት እንደሚቀርብ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። ገሚሶቹ ባቅትን ግብር ነው ሲሉ ገሚሶቹ የዕቃ ልውውጥ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር ጠቃሚ ቢሆንም ነገሩን ከውጭ ብቻ የሚመለከት ነው። ከውስጥ ስንመለከተው ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የሚሰጡት ሰዎች እነማን ነበሩ? ንጉሡስ በምን ሥልጣን ሰጣቸው? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጠን በቀስር ኢብሪም ምሽግ በ1972 ዓ.ም. በቍፋሮ የተገኘ ደብዳቤ ነው። የግብጽ ገዥ ሙሳ ኢብን ካዕብ በ758 ዓ.ም. በዓረብኛ ያጻፈው ሲሆን፥ የመቍራና የኖባ ጌታ ብሎ ለሚጠራው ንጉሥ የተላከ ነው። ኖባድያ ከመቍርያ ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር መሆኗን ይህ አጠራር ያረጋግጣል፤ ከዚያም በፊት በ707 ዓ.ም. በፋራስ የተቀረጸ ጽሑፍ የመቍርያውን ንጉሥ መርቆሬዎስን የዚያ አገር ንጉሥ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ሙሳ በደብዳቤው ከሚያሰማቸው አቤቱታዎች አንዱ፥ ኖቦች የሚገባውን ባቅት አለመፈጸማቸውና፥ የላኳቸውም ሰዎች አንድ ዓይና፥ አንካሳ፥ የደከመ ሽማግሌና ትንሽ ልጅ መሆናቸው ነው። አል መቅሪዚ የሚያቀርበው ውል ደግሞ የሚከለክለው ልክ እንደዚህ ያሉትን ሰዎች ነው። ስለዚህ ያ አንቀጽ በ652 ዓ.ም. ተጽፎ የነበረም ቢሆን ወይም ከእንዲህ ዓይነቱ ጠብ በኋላ የተጨመረም ቢሆን፥ የሚያስረዳን ነገር አንድ ነው፤ ንጉሡ ይሰጥ የነበረው ለአገሩ የማይጠቅመውን፥ ጥቅም ቢኖረውም ጠያቂ ዘመድ የሌለውን ሰው ነበረ።

አል መስዑዲ በ10ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ ለባቅት የሚሰጡት ሰዎች ምርኮኞች እንደ ነበሩ ይናገራል። ለግምጃ ቤቱ ከሚገባው 365 ሰው በቀር ለግብጽ ገዥ 40 ይሰጥ እንደ ነበረ፥ የአስዋን ሹም፥ የአስዋን ዳኛና ርክክቡን የሚያዩት ምስክሮች ሳይቀሩ ድርሻ ድርሻቸውን ይወስዱ እንደ ነበረ ይዘረዝራል። ከዚህም የምንረዳው፥ በሁለቱም ወገን ባቅት እንዲቀጥል የሚፈልጉ ሹማምንት መብዛታቸውን ነው። ሰላሙን ለብዙ ዘመን ያቈየው መሐላው ብቻ ሳይሆን ይህ ድርሻ ጭምር ይመስላል።

አሁን ወደ ንጉሡ ሥልጣን እንለፍ። በ8ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የነበረው ኪርያቆስ በእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክ ውስጥ ታላቅ ንጉሥ ተብሎ ይጠራል፤ ከእርሱም በታች አሥራ ሦስት ነገሥታት ነበሩ ይባላል። እንግዲህ የኖባ ንጉሥ የንጉሦች የበላይ ነበረ ማለት ነው። በሰሜን፥ በቀድሞይቱ ኖባድያ፥ ኤጳርኮስ የሚባል እንደራሴ ነበረው፤ ዓረቦችም የተራራው ጌታ ይሉት ነበር። በ969 ዓ.ም. ገደማ የፋጢማውያን መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ጊዮርጊስ የሄደው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ የዚህን ሹም ሥራ ገልጾ ጽፏል። ከግብጽ የሚመጣ ነጋዴ እስከ ሁለተኛው የዓባይ ፏፏቴ ድረስ እንደ ልቡ ይገበያያል፤ ከዚያ በላይ ግን ያለ ፈቃድ ማንም አያልፍም፤ የወርቅና የብር ገንዘብም አይሠራም፤ ንግዱ በባርያ፥ በከብት፥ በግመል፥ በብረትና በእህል ልውውጥ ነበረ። በዚህ ዓይነት አንዱ መንግሥት ሁለት ሥርዓት ነበረው፤ ሰሜኑ ለገበያ የተከፈተ፥ ደቡቡ በንጉሡ እጅ የተዘጋ።

ይህ የሥርዓት ልዩነት በ832 ዓ.ም. ኸሊፋ አል ማእሙን ወደ ግብጽ በመጣ ጊዜ በአንድ ሙግት ጐልቶ ታየ። ነገሩን የሚተርክልን አል መስዑዲ ነው። በሰሜን ኖባ የሚኖሩ ሰዎች በአስዋን አቅራቢያ ያለውን ርስታቸውን ለአስዋን እስላሞች ሸጠው ነበር። ንጉሡም መልእክተኞች ልኮ፥ እነዚህ ሰዎች የእኔ ባሮች ናቸው፥ ባርያም የጌታውን መሬት መሸጥ አይችልም ሲል አመለከተ። ኸሊፋው ነገሩን ወደ አስዋን ዳኛ መራው። ገዦቹ መሬቱ ከእጃቸው እንዳይወጣ ስለ ፈሩ ሻጮቹን አስቀድመው መከሯቸው። ሻጮቹም በዳኛው ፊት ቀርበው በተጠየቁ ጊዜ፥ እኛ ለንጉሣችን የምንታዘዝ ነን፥ እናንተም ለንጉሣችሁ እንደምትታዘዙ፤ እናንተ ባሮች ከሆናችሁ እኛም ባሮች ነን የሚል መልስ ሰጡ። ባርያ መሆናቸውን ስላላመኑም ሽያጩ ጸና።

ይህን ታሪክ የመሬት ሙግት ብቻ አድርጎ ማንበብ ነገሩን ማሳነስ ነው። ንጉሡ ሕዝቡን ሁሉ ባሮቼ ናቸው ማለቱ ምናልባት ታዛዦቼ ናቸው ከማለት የማይበልጥ የቤተ መንግሥት አነጋገር ሊሆን ይችላል፤ በብዙ አገርም እንዲህ ያለ አነጋገር የተለመደ ነው። ነገር ግን በየጊዜው ሰው ቈጥሮ በሚሰጥ መንግሥት ውስጥ ይህ ቃል እንደ አነጋገር ብቻ ሊታይ አይችልም። ባርያ የተባለ ሁሉ አንድ ቀን ለባቅት ሊቈጠር ይችላልና። ስለዚህ የሰሜን ባለ ርስቶች በአስዋን ዳኛ ፊት የተናገሩት ቃል መሬታቸውን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ሰውነት የሚመለከት ነበረ። ፈራጁ ራሱ ከባቅት ድርሻ ከሚቀበሉት ሹማምንት ወገን መሆኑን ስናስብ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይደንቃል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ836 ዓ.ም.፥ የንጉሥ ዘካርያስ ልጅ ጊዮርጊስ ስለ ውዝፉ ባቅት ሊነጋገር እስከ ባግዳድ ተጓዘ። ኸሊፋው አል ሙዕተሲም በክብር ተቀበለው። ነገሩም ሲመረመር ከግብጽ ወደ ኖባ የሚላከው ከሚመጣው በዋጋ እንደሚበልጥ ተገኘ። ባቅትም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲሰጥ ተወሰነ። የታሪክ ጸሓፊዎች ይህን ጕዞ ስለ ግርማው ያስታውሱታል፤ ፍሬው ግን ከየሦስቱ ሰው የሁለቱን ከባርነት መትረፍ የሚያህል ነበረ።

የመንግሥቱ አወራረስ ሌላው የሚመረመር ነገር ነው። አቡ አል መካሪም የተባለው የግብጽ ክርስቲያን ጸሓፊ እንደሚለው፥ የኖባ ንጉሥ ሲሞት ዘውዱ ከልጁ ይልቅ ለእኅቱ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ስለዚህ የንጉሡ እናት ማዕርግ ታላቅ ነበረ። ፖላንዳውያን ሊቃውንት ከ1961 እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ ከአስዋን ግድብ ውኃ ካተረፏቸው ከመቶ በላይ የፋራስ ሥዕሎች መካከል፥ የንጉሥ እናት ማርታ በእመቤታችን ጥበቃ ሥር ቆማ የምትታይበት ሥዕል ይገኛል። በ12ኛው መቶ ዓመት በኖብኛ የተጻፉት የቀስር ኢብሪም የመሬት ሽያጭ ውሎችም ሴቶች ርስት ሲገዙና ሲሸጡ ያሳዩናል። እነዚህ ውሎች በአል ማእሙን ዘመን ክርክር የተነሣበት የርስት ባለቤትነት ኋላ በኖባ ምድር በራሷ ቋንቋ ተጽፎ የሚጸና ልማድ መሆኑን ይመሰክራሉ።

ይኸው አቡ አል መካሪም አንድ ሌላ ነገር ጽፏል። የኖባ ነገሥታት ሁሉ ካህናት ሲሆኑ፥ በገዛ እጃቸው ሰው እስካልገደሉ ድረስ በመቅደስ ገብተው ይቀድሱ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታትም ይህንኑ ይናገራል። ሁለቱ አገሮች ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ የሚቀበሉ በመሆናቸው አንዱ ሌላውን በችግሩ ጊዜ ይጠራው ነበር። በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንዲት ንግሥት አገሩን ባጠፋችበት ጊዜ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከፓትርያርኩ ጳጳስ ያስመጣለት ዘንድ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ መላኩ በእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክ ይገኛል። በዚህም ባቅት የኖባን በር ወደ ግብጽ ክፍት አድርጎ ማቈየቱ ለኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን ጠቅሟል ለማለት ይቻላል። ነገር ግን እጁን ከደም ንጹሕ አድርጎ ወደ መቅደስ የሚገባው ንጉሥ፥ በዚያው እጁ ሰዎችን ቈጥሮ የሚያስረክብ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ሕጉ የከለከለው መግደልን ነው፤ አሳልፎ መስጠትን አልከለከለም።

የመጨረሻው ዘመን አጭር ነው። ንጉሥ ዳዊት በ1272 ዓ.ም. የቀይ ባሕርን ወደብ አይዛብን ወጋ። የግብጹ ሱልጣን ባይባርስ ጦር በ1276 ዓ.ም. ዶንጎላን ይዞ ሸካንዳ የተባለውን አነገሠ፤ በአዲሱም ውል ለአካለ መጠን የደረሰ እያንዳንዱ ወንድ አንድ አንድ ዲናር እንዲከፍል ታዘዘ። በ1317 ዓ.ም. የዶንጎላ የዙፋን አዳራሽ መስጊድ ሆነ። ኢብን ኸልዱን እንደሚለው፥ ዘውድ በሴት ወገን የሚወረስ በመሆኑ ከነገሥታቱ ሴቶች ልጆች ጋር የተጋቡ ዓረቦች መንግሥቱን በእናቶቻቸው በኩል ወረሱት።

እንግዲህ ባቅትን ግብር ወይም ንግድ ብሎ መሰየም ብቻ አይበቃም። ባቅት በኖባ ውስጥ ማን ባለ ርስት፥ ማን ባርያ እንደሆነ የሚለይ ሚዛን ነበረ። ርስትና ዘመድ ያለው፥ በዳኛ ፊት የሚናገር አፍ ያለው ሰው ከቍጥሩ ወጣ፤ ይህ የሌለው ምርኮኛ፥ አካለ ጐደሎና ሕፃን በቍጥሩ ገባ። የንጉሦቹንና የእናቶቻቸውን መልክ በግድግዳ ላይ እናያለን፤ የባለ ርስቶቹንም ስም በውል ላይ እናነባለን። የዚያን ረጅም ሰላም ዋጋ በየዓመቱ በሰውነታቸው ከከፈሉት ግን በመዝገብ የቀረልን ቍጥራቸው ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ሰላም የሚያመሰግን የታሪክ ጸሓፊም ይህን ቍጥር ከምስጋናው አጠገብ አብሮ ሊጽፈው ይገባል።