ሰባራ ድልድይ

ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘውን፣ ከሞጣ ወዲያ በዓባይ ሸለቆ የተገነባውን የድንጋይ ድልድይ ባላገሩ «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል። የውጭ ጸሐፍት «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ማለትን ይመርጣሉ፤ አሠሩት የሚባሉት ግን ኢየሱሳውያንን ከአገር ያባረሩት ዐፄ ፋሲል ናቸው! ለእኔ እውነተኛው ስም የባላገሩ ነው። በጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) አርበኞች የጣሊያንን ጦር ለማገድ ቅስቱን አፈረሱት። ጠላት ወጣ፤ ስብራቱ ግን ሳይጠገን ሦስት መንግሥታት ተፈራረቁበት። ከስድሳ ዓመት በላይ ገበያተኛውም ሕመምተኛውም ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ጎልማሶች እየሳቡት፣ ከዓባይ በላይ ተንጠልጥሎ ተሻገረ። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ አነሳሽነት ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ፤ ጥቂት ዓመታት እንዳገለገለ ጎርፍ ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. በአቅራቢያው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ።